ከቅንፉ ውጭ ያለው ቁጥር

ኖራ ውሃ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ዝናብ ሲጥል የሚሸተውን ይመስላል፤ ልዩነቱ ጉሮሮ መያዙ ነው። በቀደም ጊንጪ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ከልጄ ጋር ደብተር ፊት ተቀምጠን ሳለ ጎረቤቴ አጥሩን ሊቀባ በርሜል ውስጥ ኖራ ሲበጠብጥ ያ ሽታ በመስኮት ገባ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ደብተሯ ላይ Ca(OH)₂ ብላ ጽፋ ከሥሩ «ካልሲየም አንድ፣ ኦክስጅን አንድ፣ ሃይድሮጅን ሁለት» ብላ ቆጥራለች። ከቅንፉ ውጭ ያለችው ሁለት ቅንፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደምታበዛ፣ ኦክስጅኑም ሁለት እንደሆነ ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ። በአራተኛው ተቆጣሁ። እሷም ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ አንድ ኦክስጅን ብትጎድል ማን ይሞታል?» አለችኝ።

የተሳሳተችበት ነገር በመስኮት የገባው ሽታ ራሱ ነበር፤ ኖራ ውሃ ሲጠጣ የሚሆነው Ca(OH)₂ ነውና። እኔም የመጀመሪያዋን ኦክስጅን ያጎደልኩት እዚያው ላይ ነው፤ አምቦ፣ በደርግ ጊዜ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ።

አባቴ ኦቦ ደበላ ቤት በኖራ እየቀባ ነበር የሚያሳድረን። የዚያን ዓመት መስከረም መንገድ ዳር ያለ ቤትና አጥር ሁሉ ለአብዮቱ በዓል ነጭ ይሁን ተብሎ ስለታዘዘ ሥራ በዝቶለት ነበር። ጓሯችን ውስጥ ካለው ዛኒጋባ የኖራ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እኔ ከትምህርት በፊት ኖራ አበጥር ነበር። ፀጉሬና ቅንድቤ ነጭ ሆኖ ክፍል ስገባ ልጆቹ «ኖራው መጣ» ይሉኛል። ስሜ ለሚ መሆኑን የሚያስታውሱት የኬሚስትሪ መምህራችን ብቻ ነበሩ።

ከጆንያዎቹ ኋላ ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ተደብቋል።

ገመቹ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው ደርሷል። አፈሳው በየቀበሌው ነበር፤ ዛሬ ከጎረቤት፣ ነገ ከማዶ ሰፈር ልጅ ይወሰዳል። አባቴ ልጁ ወለጋ አጎቱ ጋ ሄዷል ብሎ ለቀበሌ አስመዘገበ፤ ስሙ በመዝገቡ ላይ ተሰረዘ። ልጁ ግን አልሄደም። መውጫው ሁሉ ኬላ ነበርና ቀን እስኪገኝ ዛኒጋባው ውስጥ ቆየ። ማንም ኖራ ጋ አይጠጋም፤ ውሻ እንኳ ያስነጥሰዋል። የወንድሜ ዓይኖች እንደ በርበሬ ቀልተው፣ ሲስል አፉን በጋቢ ጠቅጥቆ እዚያ ኖረ።

እናቴ አዴ ብርቄ ልጅ አትቆጥርም፣ አታስቆጥርምም። አንድ ቀን አክስቴ «ልጆችሽ ስንት ደረሱ?» ብትላት ፊቷ ጠቆረ። «ኢጆሌን ሂን ለካአመን» አለች፤ ልጅ አይቆጠርም ማለቷ ነው። ልጅና ከብት የቆጠሩት ይጎድላል ትላለች። ታዲያ ሁላችንም መኖራችንን የምታውቀው በኩባያ ነበር። ግድግዳው ላይ አራት ምስማር፣ በየምስማሩ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ፤ የገመቹ እጀታው የተላጠ፣ የእኔ ቂጡ የተጎዳ፣ የሁለቱ እኅቶቼ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ። ጠዋት ኩባያዎቹን ታወርዳለች፣ በእያንዳንዱ ሻይ ትቀዳለች፣ በየኩባያው ፊት ሁለት ሁለት ቁራጭ ዳቦ ታስቀምጣለች። «አንድ፣ ሁለት» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም።

እኔ በልጅ አእምሮዬ ይህን ቃል በቃል ነበር የያዝኩት። ቀበሌዎች ቤት ለቤት ዞረው ሰው ቆጠሩ፤ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ተወሰደ። ስለዚህ ልጁን የወሰደው መቆጠሩ ነው ብዬ አመንኩ። አፈሳው መዝገቡን ተከትሎ የሚመጣ መሆኑ አልታየኝም፤ የታየኝ የቆጣሪው ጣት ነበር።

መዝገቡን ይዘው የመጡት ደግሞ የኬሚስትሪ መምህራችን ቲቸር ይማም ነበሩ። ከወሎ የመጡ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። የእጅ ጽሑፋቸው ስለሚያምር ቀበሌው ቅዳሜ ቅዳሜ መዝገብ እንዲገለብጡ አዟቸዋል፤ እምቢ ማለት አይቻልም። ቤታችን ገብተው ዱካ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ልጆቹ ሦስት ናቸው አለ። «ሦስት» ብለው በዚያ ውብ እጃቸው ጻፉ። ውሃ ጠየቁ። እናቴ ደንግጣ ከምስማር ያወረደችው የገመቹን ኩባያ ነበር። ጠጥተው ሲመልሱላት ግድግዳውን አየት አደረጉ፤ መዝገቡን ዘግተው ወጡ።

ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ቁጥር ላይ ምሕረት አያውቁም። አቶም መቁጠር ያስተማሩን በእህልና በቆርኪ ነው። አምቦ የጠርሙስ ቆርኪ የማይረገጥበት መንገድ የለም፤ ኪስ ሙሉ ለቅመን እንድናመጣ አዘዙን። ኦክስጅን አተር፣ ሃይድሮጅን ምስር፣ ካልሲየም ባቄላ ሆነ። «ቅንፍ ማለት ቆርኪ ነው» አሉ። «በአንዱ ቆርኪ አንድ አተርና አንድ ምስር አስቀምጡ። ከቅንፉ ውጭ ያለው ሁለት፣ እንዲህ ያለ ቆርኪ ሁለት አለ ይላችኋል። አሁን ቁጠሩ።» ባቄላው አንድ፣ አተሩ ሁለት፣ ምስሩ ሁለት። እኔ አተሩን አንድ ብዬ ነበርና በማስመሪያ መዳፌን አቃጠሉት። ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ «አቶም ፈርቶ አይጠፋም። ያልቆጠርከው ጊዜ የጠፋኸው አንተ ነህ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅንፍ አልተሳሳትኩም። ኖራ እያበጠርኩ እቆጥራለሁ፣ መንገድ ላይ እቆጥራለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ሆንኩ፤ ትዕቢትም አብሮ መጣ። የማውቃት ያቺ አንዲት ነገር ስለነበረች እንደ ርስት ያዝኳት።

ኅዳር ሲገባ ቲቸር ይማም የቤት ሥራ ሰጡን። ከየቤታችን ዕቃ ወስደን፣ ከፈለግን በአማርኛ ፊደል፣ ቅንፍ ያለው ቀመር ሠርተን ሰሌዳ ላይ ወጥተን እንድንቆጥር ነው። ከሃያ ማርክ ይያዛል። ብዙዎቹ የቤተሰባቸውን ሰው ጻፉ፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ። እኔ የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ልጅ አይቆጠርም። ስለዚህ በጥንቃቄ ዕቃ ፈለግሁ። ጠዋት እናቴ የምታቀርበውን ትሪ አሰብኩ። ኩባያን ኩ፣ ዳቦን ዳ ብዬ ይህን ጻፍኩ፤

(ኩዳ₂)₄

አንድ ኩባያ ከሁለት ቁራጭ ዳቦ ጋር፣ እንዲህ ያለ አራት። ኩባያ አራት፣ ዳቦ ስምንት። ሰው የለበትም፤ ስም የለበትም። በጣም ደስ አለኝ።

ተራዬ ደርሶ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ቲቸር ይማም ወንበራቸው ላይ ሆነው ፊደሎቹ ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ። በኩራት ተናገርኩ፤ ጠዋት ጠዋት ቤታችን ለልጆች የሚቀርብ ቁርስ ነው፣ ኩ ኩባያ ነው፣ ዳ ዳቦ ነው።

«ከቅንፉ ውጭ ያለውስ?»

«አራት።»

ከኋላ ወንበር ረጋሳ ሳቀ። ረጋሳ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሰው ማብሸቅ ይወዳል እንጂ። ቅንፍም ጨርሶ አይገባውም፤ ሁለት ጊዜ ዜሮ አግኝቷል። «ቲቸር፣ እነ ኖራው ቤት እኮ ሦስት ናቸው» አለ። «ትልቁ ወለጋ አይደል እንዴ? አራተኛውን ሻይ ማን ነው የሚጠጣው?»

«ጅብ ነዋ» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በአንዴ ገባኝ ብዬ ልጆቼን ሳወራቸው ኖሬያለሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ አልገባኝም። የገባኝ ግማሹ ነው። ስለ ገመቹ ፈርቻለሁ፤ ግን ከዚያ በላይ የከነከነኝ በክፍሉ ፊት፣ ያውም በረጋሳ፣ ተሳሳትክ መባሌ ነበር።

ቲቸር ይማም ከወንበራቸው ተነሡ። ጣታቸው ላይ ያለውን ጠመኔ ቀስ ብለው በመሐረብ ጠረጉ። ረጋሳን አላዩትም። ሰሌዳው ጋ መጥተው አራቷን በአውራ ጣታቸው አጥፍተው በቦታዋ ሦስት ጻፉ።

«ከቅንፍ ውጭ ያለውን ቁጥር አሁንም አታውቅም ማለት ነው» አሉኝ። «ስንት ነው?»

«አራት ነው፣ ቲቸር።»

ማስመሪያው መዳፌ ላይ አረፈ። ከዚያ በፊት እንደዚያ መትተውኝ አያውቁም።

«ስንት ነው?»

«አራት። በዓይኔ…»

«በዓይኔ» የሚለውን ሳልጨርስ ደገሙኝ። ፊታቸውን አየሁ። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። እጅግ የተቆጡ መሰለኝ። ሰው ሲፈራም እንደዚያ እንደሚሆን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሦስተኛውን መቱኝ።

«ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«ኩባያ?»

«ሦስት።»

«ዳቦ?»

«ስድስት።»

«ተቀመጥ። ዜሮ።» ወደ ክፍሉ ዞረው፣ ሳያስብ የሚቆጥር እንደዚህ ያፍራል አሉ። ደብተሬን ተቀብለው ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ከተቱት።

ልብ ብላችሁ ስሙኝ። «ሦስት» ያልኩት ወንድሜን ላድን ብዬ አይደለም። እጄ ስላመመኝ ነው። አራቷን ቢቀበሉኝ ኖሮ፣ ወይም እጃቸው ላልቶ ቢተዉኝ፣ እኔ በትዕቢቴ ወንድሜን አስረክቤ እቀመጥ ነበር። ትክክል መሆንና መልካም መሆን አንድ አይደሉም፤ ይህን በሦስት በትር ነው የተማርኩት።

ቤት ስደርስ አባቴ ጓሮ ጆንያ ይፈታ ነበር። ያበጠውን እጄን አይቶ ጠየቀኝ። እያለቀስኩ መምህሩ እውነቱን ሐሰት እንዳሉብኝ ከስሼ ነገርኩት፤ ቀመሩን፣ የረጋሳን ነገር፣ ሁሉንም። አባቴ ፊደል ሳይማር ያረጀ ሰው ነው። ጆንያውን ለቆ ቆመ።

«ስንቴ መታህ?»

«ሦስቴ።»

«እጁ ይባረክ» አለ።

ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ የገመቹን ኩባያ ከምስማሩ አውርዶ ኖራ ጆንያ ውስጥ ቀበረው። ባዶ ምስማር ዓይን ይስባል ብሎ ባርኔጣውን ሰቀለበት። ለእናቴም ከነገ ጀምሮ ሦስት ብቻ እንድታወርድ ነገራት። ገመቹን ማሸሽ የሚቻለው ቅዳሜ ነው፤ ያን ቀን የወንጪ ሰዎች በፈረስ ገበያ ይወጣሉ፣ የእናቴ ወንድምም አብሯቸው ይመጣል። ገና ሐሙስ ነበር።

ዓርብ ጠዋት፣ ሻዩ እንደተቀዳ፣ ውጭ ድምፅ ሰማን። የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ አንድ ሰው አስከትሎ ገባ። ረጋሳ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ኃላፊው በአክብሮት ሰላምታ ሰጠ። «አካም ቡልተን፣ አዴ ብርቄ» አለ። እናቴም ደኅና ማደሯን ነገረችው። ዓይኑ ግን ቤቱን ይዞር ነበር።

ቀጥታ የሄደው ወደ ጓሮ ነው። አባቴ ቀድሞት ዛኒጋባው በር ላይ ደረቅ ኖራ የሞላ በርሜል ፊት ቆሟል፤ እጁ ላይ የውሃ ባልዲ አለ። ሰውየው በሩን ገፋ ሲያደርግ አባቴ ባልዲውን ገለበጠው። ኖራው ተንጫጫ፣ ፈላ፣ ነጭ እንፋሎት ከበርሜሉ ተነሥቶ ሰውየውንም በሩንም ዋጠ። ያ ሽታ ጓሮውን ሞላው። ሰውየው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ እየሳለ ወደ ኋላ ሸሸ። አባቴ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከበዓሉ የተረፈ አጥር አለብኝ፣ ካላፈላሁት አይቀባም አለው። እኔ የማዳምጠው ሌላ ነገር ነበር። ከጆንያዎቹ ኋላ፣ በዚያ እንፋሎት ውስጥ፣ ወንድሜ አለ። አንድ ጊዜ ቢስል አበቃ። አልሳለም።

ሰውየው እንባውን እየጠረገ ወደ ቤት ተመለሰ። ልጁ የነገረውን አልረሳም። ትሪው ፊት ቆሞ ጣቱን ዘረጋ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብሎ ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ጣቱ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ሲሄድ እናቴ በየቁጥሩ ሰውነቷ ሲሸማቀቅ አየሁ። ሦስት ናቸው። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፤ ሦስት ባዶ ምስማር፣ አንድ ባርኔጣ።

ያን ጊዜ ነው ዳቦውን ያየሁት።

እናቴ ኩባያውን በትእዛዝ ቀንሳ ነበር። እጇ ግን ዳቦ የሚቆርሰው ሳይቆጥር፣ እንደ ለመደው ነው። ትሪው ላይ ስምንት ቁራጭ አለ። ሦስት ኩባያና ስምንት ቁራጭ፤ ለሦስት ልጅ ሁለት ሁለት ቢሰጥ ሁለት ይተርፋል። እኔ ይህን በአንድ እይታ ቆጠርኩ፤ ቀና ስልም ረጋሳ ትሪውን ሲያይ አገኘሁት። ከንፈሮቹ ድምፅ ሳያወጡ ይንቀሳቀሳሉ። ክፍል ውስጥ ሲቆጥርም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ከንፈሮቹ ቆሙ። አየኝ።

እጄን ወደ ዳቦው ልሰድ አሰብኩ።

«አባ» አለ ረጋሳ፤ «ደወል ሊደወል ነው። ቲቸር ይማም ያረፈደ አያስገቡም።»

አባቱ ትሪውን አንዴ ደግሞ አይቶ፣ እናቴን ስላስቸገራት ይቅርታ ብሎ ወጣ። ረጋሳ ቆጥሮ እንደሆነ፣ ወይም ቅንፍ እንደማይገባው ሁሉ ያም አልገባው እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ «ኖራው» ማለቱን አልተወም፤ ስለዚያ ጠዋት ግን አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም።

በማግሥቱ ገመቹ ጋቢ ተከናንቦ፣ ለበሽተኛ እንደሚደረገው በሁለት ሰው ተደግፎ ፈረስ ላይ ወጣና ከገበያተኛው ጋር ወደ ወንጪ ሄደ። ዛሬም በሕይወት አለ፤ ዓይኖቹ ግን ከዚያ ኖራ በኋላ አልዳኑም።

ሰኞ ዕለት ቲቸር ይማም ደብተሬን መለሱልኝ። ያቺ ገጽ የለችም። በምላጭ ነው የቆረጧት፤ ጠርዟ እንደ መዝገብ መስመር ቀጥ ያለ ነው። በስቴፕል የተያያዘ ደብተር ነውና እኩያዋ ገጽ ላልታ ወደቀች፤ እሷም የመጀመሪያው የ Ca(OH)₂ ትምህርት ነበረች። ያችን ገጽ እስከ ዛሬ አስቀምጫለሁ። ትምህርቴን ካቋረጥኩ በኋላ በራሴ ያነበብኩት ሁሉ የጀመረው ከእሷ ነው። ቲቸር ይማም ዜሮዋን አላነሡልኝም፤ ሃያዋ ማርክ እንደጎደለችብኝ ሴሚስተሩ አለቀ። ብቻ በሚቀጥለው ፈተና ወረቀቴን ሲሰጡኝ መዳፌን ገልብጠው አይተው ለቀቁኝ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት፤ የትዕቢቴንም ጭምር። ሰምታ ስታበቃ እርሳሷን አንሥታ ኦክስጅኑን ሁለት አደረገች። ከዚያ፣ ወንድምህ ከሄደ በኋላ ትሪው እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ።

እናቴ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሦስት ኩባያ አወረደች፤ ስምንት ቁራጭ ዳቦ አስቀመጠች። የተረፉት ሁለቱ እስከ ማታ ትሪው ላይ ይቆያሉ፤ ማንም አይነካቸውም። እኔ ከክፍሉ አንደኛ ቆጣሪ ነበርኩ፤ ሦስት ኩባያና ስምንት ዳቦ በየትኛውም ቅንፍ እንደማይጻፍ አውቅ ነበር። አንድም ቀን ተሳስተሻል አላልኳትም።